ደጋግሞ የሚነስረው ሰው ምን ሆኖ ነው? የነስር መንስኤዎችና ሕክምናቸው

ትራስ ላይ የፈሰሰ ደም ማንንም ያስደነግጣል። ልጁ ሌሊት ነስሮት ያገኘ ወላጅ መጀመሪያ በአእምሮው የሚመጣበት ክፉ ክፉው ነው፤ የደም ካንሰር፣ የጭንቅላት በሽታ፣ ሌላም ሌላም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከሰዎች 60 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንዴ ይነስራቸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ የሚሆንባቸው ከ10 አንዱ ቢሆኑ ነው።

አንዴ መጥቶ የሄደ ነስር ብዙ አያነጋግርም። የሚያሳስበው የሚመላለሰው ነው፤ ዛሬ ቆሞ ከነገ ወዲያ የሚመለሰው፣ ፊት ሲታጠቡ ወይም ሲናፈጡ ድንገት የሚፈሰው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እየተመላለሰ የሚመጣ ነስር አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ያልዳነ አንድ ትንሽ ቁስል ነው፤ ያው ቁስል ደጋግሞ ይከፈታል። ሰው ደሙን ለማቆም ይረባረባል፣ ደሙ ሲቆም ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፣ ቁስሉን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ደሙን ማቆም የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚሠራው ደሙ ከቆመ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው።

ደሙ ከየት ነው የሚመጣው?

ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች መሃል ላይ የሚለያይ ግድግዳ አለ፤ ሐኪሞች ሰፕተም ይሉታል። የፊተኛው ክፍሉ ጆሯችን በተሠራበት ዓይነት ለስላሳ አጥንት የተሠራ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ስስ፣ እርጥብ ሽፋን አለው። ከዚህ ሽፋን ሥር፣ ከቀዳዳው መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአምስት የደም ቧንቧዎች የሚመጡ ቀጫጭን ሥሮች ተገናኝተው መረብ ይሠራሉ። ከፊሎቹ በዓይን አካባቢ አልፈው ከላይ የሚወርዱ ናቸው፤ ከፊሎቹ ከአፍንጫው የኋላ ክፍል፣ ከላንቃና ከላይኛው ከንፈር በኩል ይመጣሉ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ሎውረንስ ሊትል እ.ኤ.አ. በ1879፣ ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ኪሰልባህ ደግሞ በ1884 ስለዚህ ቦታ ጽፈዋል፤ ቦታው ዛሬም በሁለቱም ስም ይጠራል። ከ10 ነስሮች 9ኙ የሚነሱት ከዚህች ትንሽ ቦታ ነው።

ለምን እዚያ? አፍንጫ ሥራ የሚበዛበት አካል ነው። አዋቂ ሰው በቀን ወደ 10 ሺህ ሊትር አየር ይተነፍሳል፤ አፍንጫም ይህን አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ አቧራውን ያስቀርለታል። ለማሞቅ ብዙ ደም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የደም ሥሮቹ ብዙ ናቸው፣ የተቀመጡትም ከላይ፣ ከሽፋኑ ወዲያ ስር ነው። ከውጭ የሚገባው ደረቅ አየር መጀመሪያ የሚመታው ይህንኑ የግድግዳውን ፊት ነው። የሰው ጣት የሚደርሰውም እዚያው ድረስ ነው። በዚህ ላይ ሽፋኑ የተለጠፈው በቀጥታ በለስላሳው አጥንት ላይ በመሆኑ የተቀደደ የደም ሥር የሚሸሸግበት ሥጋ የለውም፤ ትንሽ ስንጥቅ ብዙ ደም የምታፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀሪው ጥቂቱ ነስር ከአፍንጫው የኋላ ክፍል፣ ወደ ጉሮሮ ከሚጠጋው በኩል ይመጣል። እዚያ ያሉት የደም ሥሮች ወፈር ያሉ ናቸው፤ ደሙም በፊት ከሚወጣው ይልቅ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ይበዛል፣ አፍንጫን ከውጭ በመጨመቅም ላይቆም ይችላል። ይህኛው ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ብዙውን ጊዜም ሆስፒታል ይጠይቃል።

ለምን ይመላለሳል?

ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ያስቡ። ቁስሉ ቅርፊት ያወጣል፣ ቅርፊቱ ሲደርቅ ያሳክካል፣ ልጁ ያነሳዋል፣ ደሙ እንደ አዲስ ይፈሳል። አፍንጫ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ቁስሉ አለመታየቱና አየር ቀን ከሌሊት እየተመላለሰበት የሚያደርቀው መሆኑ ነው። ነስሩ እንደቆመ ቦታው ላይ የረጋ ደም ይቀራል። በማግስቱ ይህ ደም ደርቆ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። አፍንጫው የተደፈነ ይመስላል፣ ያሳክካል፣ ሰውየው ይናፈጣል ወይም በጣቱ ያወጣዋል። ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ መዳን የጀመረውን ስስ ሽፋን ይዞት ይነሳል። አዲስ ነስር፣ አዲስ ቅርፊት።

ይህ ዑደት በራሱ ሳምንታትን ሊዘልቅ ይችላል። በዚያ ላይ የተቆጣ ቦታ ሲድን አዳዲስ፣ በቀላሉ የሚሰበሩ የደም ሥሮች ያበቅላል፤ ስለዚህ በቆየ ቁጥር በትንሽ ነገር መድማት ይጀምራል። ሌሊት የሚነስራቸው ልጆች ብዙዎቹ በእንቅልፍ ልባቸው አፍንጫቸውን የሚያሹ ወይም የሚጎረጉሩ ናቸው። ልጁ «አልነካሁም» ቢል እየዋሸ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያውኑ ቁስሉን ምን ያመጣዋል?

ተራ ነገሮች ናቸው። አፍንጫ መጎርጎር ቀዳሚው ነው፤ በልጆች ብቻም አይወሰንም። ደረቅ አየር ሌላው ነው፤ ብርድና ደረቅ ወቅት ላይ፣ ከፍታ ቦታ ላይ፣ ማሞቂያ ወይም አየር ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ የአፍንጫ ሽፋን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጉንፋን፣ የሳይነስ ሕመምና አለርጂ ደግሞ ሽፋኑን ያስቆጡታል፣ ያሳብጡታል፤ ከዚያ ደጋግሞ መናፈጥና ማስነጠሱ ይጨመርበታል። አለርጂ ያለበት ልጅ አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ ሲያሽ አይተው ይሆናል፤ እሱም ያደማል።

ለአለርጂ የሚታዘዙ የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬዮችም የተለመዱ መንስኤዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ግን የአጠቃቀም ነው። ሰው በቀኝ እጁ ይዞ ቀኝ ቀዳዳው ውስጥ ሲረጭ ጫፉ በቀጥታ ወደ መሃሉ ግድግዳ ያነጣጥራል፤ መድኃኒቱም በየቀኑ ያችኑ ስስ ቦታ ይመታታል። ለቀኝ ቀዳዳ በግራ እጅ፣ ለግራ ቀዳዳ በቀኝ እጅ መያዝና ጫፉን በዚያው ወገን ወዳለው የዓይን ውጨኛ ጥግ አቅጣጫ ማዞር ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ይህችን ትንሽ ነገር ስፕሬይ ለሚታዘዝለት ሰው ሁሉ ቢነግሩት ብዙ ሰው ከነስር ይድን ነበር።

የሲጋራ ጭስ፣ የሥራ ቦታ ኬሚካልና አቧራ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ኮኬይን ሽፋኑን ያቆስላሉ። መሃለኛው ግድግዳ የተጣመመባቸው ሰዎች በጠበበው በኩል አየሩ እየተወረወረ ስለሚያልፍ በአንድ ወገን ብቻ ደጋግሞ ሊነስራቸው ይችላል። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ስለሚጨምርና የአፍንጫ ሽፋንም ስለሚያብጥ መጠነኛ ነስር የተለመደ ነው።

ከትንንሽ ልጆች ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ለይቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ልጁ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚደማ ከሆነ፣ ከዚያው ቀዳዳም መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ከወጣ፣ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር መኖሩን መጠርጠር ይገባል፤ ጨሌ፣ የስፖንጅ ቁራጭ፣ ዘር። ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ግድግዳውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ለነገ የሚባል ነገር የለም። ቤት ውስጥ በመቆንጠጫ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ይገፋዋልና ለሐኪም መተው ነው።

ነስር የደም ግፊት ምልክት ነው?

በሰፊው የሚታመነው እንደዚያ ነው፤ እውነታው ግን ትንሽ ይለያል። ነስር ይዟቸው ሆስፒታል የሚመጡ ብዙ ሰዎች ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል። ነገር ግን ደም እያየ የሚደነግጥ ሰው ግፊቱ በድንጋጤውም ይጨምራል። ከፍተኛ ግፊት ብቻውን ጤነኛ የአፍንጫ ሥርን ያፈነዳል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በደንብ የሚታወቀው ይህ ነው፦ ለዓመታት ያልታከመ ግፊት የደም ሥሮችን ያደነድናል፣ የጀመረ ነስር ቶሎ እንዳይቆምም ያደርጋል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋና የሚመላለስ ነስር ያለበት ሰው ተረጋግቶ፣ ደሙ ከቆመ በኋላ፣ በሌላ ቀንም ግፊቱን መለካት አለበት።

በሌላ በኩል «መጥፎው ደም ወጣለት»፣ «ግፊቱ ቀለለለት» እያሉ ደሙ እንዲፈስ መተው ምንም ጥቅም የለውም። የግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ነስሮት ሲቆም የሚሰማው እፎይታ ግፊቱን ዝቅ አላደረገውም።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱስ?

ደም ማቅጠኛ የሚባሉት ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ናቸው። አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባን የሚታወቁት ናቸው። ለልብ፣ ለስትሮክ ወይም እግር ውስጥ ለረጋ ደም ይታዘዛሉ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም በተወሰነ ደረጃ የደም መርጋትን ያዘገያሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው አፍንጫው ውስጥ ያለችው ስንጥቅ የሌላው ሰው ዓይነት ናት፤ መዘጋቷ ግን ይረዝማል።

እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ነስሩ ያስፈራው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ያቋርጣል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም በቅርቡ የልብ ቧንቧው የተከፈተለት ሰው ይህን ካደረገ ከነስሩ በእጅጉ የከፋ አደጋ ሊደርስበት ይችላል። ማቋረጥ፣ መቀነስ ወይም መቀየር ያዘዘው ሐኪም የሚወስነው ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደጋግሞ ከነሰረው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን አይኤንአር የተባለ ምርመራ ቀጠሮው ባይደርስም ማሠራት አለበት። ከዋርፋሪን ጋር አዲስ የተጀመረ አንቲባዮቲክ ወይም የባህል መድኃኒት ደሙን ከሚፈለገው በላይ ሊያቀጥነው ይችላል፤ ይህንንም ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

የሌላ በሽታ ምልክት የሚሆነው መቼ ነው?

ደም እንዲቆም ሁለት ነገሮች ይረዳዳሉ። አንደኛው ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው፤ ተሰብስበው ስንጥቋን ይደፍናሉ። ሁለተኛው ከጉበት የሚመነጩ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ድፍኑን ያጠነክሩታል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ነስር ይበዛል፣ ይረዝማል። ሰውነት ግን በአፍንጫ ብቻ አይናገርም፤ መለያውም ይህ ነው። ድድ ሲቦረሽ ይደማል፣ ያልተመታ ቦታ ይበልዛል፣ እግር ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ የወር አበባ ከልክ በላይ ይፈሳል፣ ጥርስ የተነቀለበት ቦታ ለሰዓታት ይደማል። ከእነዚህ አንዱ ከነስሩ ጋር ካለ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ፕላትሌት የሚቀንስባቸው ሕመሞች፣ የጉበትና የኩላሊት በሽታ፣ የደም ካንሰርም በዚህ መንገድ ሊታዩ ይችላሉ። የደም ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን በነስር አይገለጥም፤ ድካም፣ መገርጣት፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ አብረውት ይመጣሉ።

በዘር የሚተላለፉም አሉ። በጣም የተለመደው የቮን ቪለብራንድ በሽታ ነው፤ ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ እ.ኤ.አ. በ1926 ገልጾታል። ብዙ ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል፤ ነስሩን «የቤተሰባችን ጠባይ ነው» እያለ፣ ሴቶቹም ከባድ የወር አበባን እንደ ተፈጥሯቸው ቆጥረው። ሌላው ኤችኤችቲ የሚባለው ነው፤ ከ5 ሺህ ሰው አንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። የዚህ በሽታ ባለቤቶች የደም ሥራቸው ግድግዳ ስስ ሆኖ ይፈጠራል፤ ከ10ሩ 9ኙ ይነስራቸዋል፣ በዕድሜም እየባሰ ይሄዳል። ከንፈር፣ ምላስና የጣት ጫፍ ላይ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ይታያሉ። ሥሮቹ በሳንባ፣ በአንጎልና በጉበትም ሊበላሹ ስለሚችሉ፣ አባት ወይም እናትም የሚነስራቸው ከሆነ ይህን ጥያቄ ለሐኪም ማንሳት ተገቢ ነው።

በአንድ ወገን ብቻ መድማት፣ የዚያው ወገን አፍንጫ እየተደፈነ መሄድ፣ የፊት ማበጥ ወይም የዓይን መገፋት ከነስሩ ጋር ከመጡ ዕጢ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ወንዶች ላይ ካንሰር ያልሆነ ነገር ግን ብዙ የሚደማ የአፍንጫ ዕጢ ይከሰታል። ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም፤ ግን በጊዜ ካልታየ ይስፋፋል።

አሁን እየነሰረ ነው፤ ምን ላድርግ?

ይቀመጡ። አይተኙ። ጭንቅላትዎን ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፤ ወደ ኋላ አይደለም። ወደ ኋላ ማቃናት ደሙን አያቆመውም፤ ወደ ጉሮሮ ያዞረዋል እንጂ። የተዋጠ ደም ሆድን ያውካል፣ ያስመልሳል፤ ማስመለሱ ደግሞ ነስሩን መልሶ ያስነሳዋል። ምን ያህል እንደፈሰሰም ማወቅ አይቻልም።

ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የአፍንጫዎን ለስላሳ ክፍል ከሁለት ወገን ጨምቀው ይያዙ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በዓይኖች መካከል ያለውን ጠንካራ አጥንት ይይዛል። አጥንቱን ቢጨምቁት የሚደማው ቦታ ላይ ምንም ጫና አይደርስም። ጣትዎን ከአጥንቱ ወደ ታች ሲያንሸራትቱ አፍንጫው የሚለሰልስበት ቦታ ይመጣል፤ ከዚያ በታች፣ ሁለቱም ቀዳዳዎች ሙሉ በሙሉ እስኪዘጉ ድረስ ነው የሚያዘው። በአፍ ይተንፍሱ፤ ወደ አፍ የመጣውን ደም ይትፉ።

ሰዓት አይተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ ይያዙ። «ቆመ ይሆን?» ብሎ በየሁለት ደቂቃው ማየት ገና መርጋት የጀመረውን ደም መቅደድ ነው፤ ከባዶ ይጀመራል። 15 ደቂቃ ደም እያየ ለተቀመጠ ሰው ረጅም ነው፤ ልጅ ከሆነ ተረት እያወሩለት ወይም ቪዲዮ እያሳዩት እርስዎ ይያዙለት። ጊዜው ሲያልቅ ቀስ ብለው ይልቀቁ። ካልቆመ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ለአዋቂዎች፣ አፍንጫ ሲደፈን የሚታዘዘው እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለ ጠብታ ቤት ውስጥ ካለ፣ የረጋውን ደም በቀስታ ከተናፈጡ በኋላ ጠብ አድርገው መልሶ መያዝ ይረዳል፤ የደም ሥሮቹን ያጠባቸዋልና። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ ግፊት ያለበት ሰውና ትንሽ ልጅ ግን ያለ ሐኪም ምክር መጠቀም የለባቸውም።

በረዶ ግንባር ወይም ማጅራት ላይ ማድረግ ጉዳት የለውም፤ ደሙን እንደሚያቆም ግን በቂ ማስረጃ የለም። አፍንጫ ውስጥ ሶፍት ወይም ጥጥ መወተፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ሲወጣ የደረቀውን ደም ይዞት ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ነስሩን ይመልሰዋል።

ደሙ ቆመ። ከዚያስ?

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚመላለሰውን ነስር የሚሰብረው። ለአንድ ቀን አይናፈጡ። ማስነጠስ ቢመጣ አፍ ከፍቶ ማስነጠስ ነው። ለጥቂት ቀናት ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ማጎንበስ፣ የሚያቃጥል መጠጥ፣ አልኮልና ሙቅ ውሃ ሻወር ይቆጠቡ፤ ሁሉም ወደ አፍንጫ የሚሄደውን ደም ይጨምራሉ።

ከዚያ ቁስሉን ማርጠብ። ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በጣት ጫፍ ወስደው የቀዳዳው መግቢያ ውስጥ፣ በመሃሉ ግድግዳ በኩል ያኑሩ። ጣት ወደ ውስጥ አይግባ፣ በጥጥ እንጨትም አይፋቅ። ከውጭ ሁለቱን ክንፎች ጫን ጫን ሲያደርጉ ቅባቱ ራሱ ይዳረሳል። ቅርፊቱ ሳይደርቅ ከቆየ አያሳክክም፤ ካላሳከከ አይነካም፤ ካልተነካ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፣ ከሥሩም ሽፋኑ ድኖ ይገኛል። ከፋርማሲ የሚገዛ የጨው ውሃ ጠብታ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጠቀምም እንዲሁ ይረዳል፤ ቤት ውስጥ የሚያዘጋጁ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ብቻ ይሁን። በኦክስጅን የሚታገዝ ሕመምተኛ ቫዝሊን ሊቀጣጠል ስለሚችል በውሃ የተሠራ ቅባት ይጠቀም። ለጨቅላ ሕፃን ምንም ነገር ከመቀባት በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

የልጆችን ጥፍር ማሳጠር ከማንኛውም ቁጣና ምክር የበለጠ ይሠራል። የመኝታ ክፍሉ አየር ደረቅ ከሆነ የአየር ማርጠቢያ ማሽን ይረዳል። ሁለት ሳምንት በዚህ ከቆየ በኋላ ብዙው ነስር አይመለስም። ሰው የሚሰናከለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው፤ ነስሩ ስለጠፋ ቅባቱን ይተወዋል፣ ቁስሉ ግን ገና ጥሬ ነው።

ሐኪም ቤት ምን ይደረጋል?

ከአንገት በላይ ሐኪም መጀመሪያ የረጋውን ደም በመምጠጫ ያወጣል፣ አፍንጫውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት በነከረ ጥጥ ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋዋል፣ ከዚያ በብርሃን ያያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በግድግዳው ፊት ላይ ያለች ቀይ ነጥብ ወይም ወጣ ያለች ጥቃቅን የደም ሥር ናት። ጫፉ ሲልቨር ናይትሬት በተቀባ ቀጭን እንጨት ለጥቂት ሰከንዶች ይነካታል፤ ቦታው ነጣ ወዳለ ግራጫ ይቀየራል፣ ሥሯም ትዘጋለች። ትንሽ ያቃጥላል፣ ዓይን ያስነባል፣ ያስነጥሳል፤ ታካሚው ግን በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱም ወገን ቢደማ እንኳ ግድግዳውን ከሁለት በኩል በአንድ ቀን መተኮስ አይመከርም፤ መሃሉ ሊበሳ ይችላል። ለሌላኛው ወገን በሳምንታት ልዩነት ሌላ ቀጠሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ደሙ የማይቆም ከሆነ አፍንጫው በፋሻ፣ ሲረጥብ በሚያብጥ ስፖንጅ ወይም በሚነፋ ፊኛ ይሞላል። ምቾት የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ በአፍ ብቻ መተንፈስ ያደክማል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ ማውጣቱም የሐኪም ሥራ ነው። ይህም ካልሠራ በአፍንጫ በኩል በካሜራ ገብቶ ዋናውን የኋላ የደም ሥር መዝጋት ወይም በእግር ወይም በእጅ የደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሥሩን ከውስጥ መድፈን ይቻላል። እዚህ ደረጃ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።

ለወራት ሲነስረው የኖረ ሰው ደም ማነስ እንዳለበት ቢመረመር መልካም ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚፈሰው ትንሽ ቢሆንም ብረት ማዕድን እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ድካሙን፣ ትንፋሽ ማጠሩን፣ የራስ ማዞሩን ሰው ከነስሩ ጋር አያያይዘውም።

ሳይውል ሳያድር መሄድ ያለበት ማን ነው?

አፍንጫው በትክክል ተይዞም ደሙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልቆመ፣ ደሙ ሳያቋርጥ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ከሆነ፣ ሰውየው ከገረጣ፣ ካላበው ወይም ከደከመው፣ ለመተንፈስ ካስቸገረው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ከአደጋ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ነስር፣ በተለይ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ አብሮት ካለ፣ ቢቆምም መታየት አለበት። ፊቱ ተመቶ አፍንጫው ውስጥ በሁለቱም በኩል እብጠት የታየበት ሰው ደም በግድግዳው ላይ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ በቶሎ ካልወጣ ለስላሳውን አጥንት ይገድለዋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከመጀመሪያው 15 ደቂቃ በኋላ ካልቆመለት አይጠብቅ። ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን መነሰሩ እምብዛም የማይታይ ነገር ስለሆነ፣ ትንሽም ቢሆን ምክንያቱ በሐኪም ይጣራ።

ሲሄዱ ይዘው የሚሄዱት መረጃ ምርመራውን ያሳጥረዋል፦ ነስሩ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚጀምር፣ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፣ በቤተሰብ ውስጥ በቀላሉ የሚደማ ሰው መኖር አለመኖሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በተለይ ዋጋ አለው፤ ደሙ በርትቶ በሁለቱም ቀዳዳ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ሐኪሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይከብደዋል፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ በየት በኩል እንደወጣ ያየ ሰው ግን የት መፈለግ እንዳለበት ይነግረዋል።